«የእናቴን ደም ወደ አሜሪካ ላስልከው?» አልዛይመርን በደም ምርመራ ቀድሞ ስለማወቅ

ጥያቄ፦ «እናቴ 71 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ከታናሽ እህቴ ጋር ትኖራለች፤ እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ አንዱን ጥያቄ ደጋግማ ትጠይቃለች። ሁለት ጊዜ ወጥ ጥዳ ረስታ አሳርራለች። የማኅበር ተራዋ መድረሱንም ጎረቤት ነው ያስታወሳት። ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። አያቴም ስትሞት ጃጅታ ነበር። እህቴ ‹እርጅና ነው› ትላለች። አልዛይመርን ምልክቱ ሳይመጣ በደም የሚያውቅ ምርመራ ወጥቷል ሲባል ሰማሁ። ደሟን አስቀድተን ወደ አሜሪካ ማስላክ ይቻላል? ወይስ በክረምት ስትመጣ እዚህ ላሠራላት? እኔም 44 ዓመቴ ነው፤ አብሬያት ብመረመር አይሻልም?»

ምላሽ፦ ደማቸውን አያስልኩ። እናትዎ መመርመር አለባቸው፤ እንዲያውም እስከ ክረምት መጠበቅ የለባቸውም። ነገር ግን መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ምርመራ እርስዎ የሰሙት አይደለም፤ አብዛኛው እዚያው አዲስ አበባ የሚሠራ ነው። እርስዎ ደግሞ የመርሳት ችግር ከሌለብዎ ይህን ምርመራ አሁን ማድረግ የለብዎትም። ጥያቄዎ ውስጥ አንድ ላይ የተጣበቁ ነገሮች ስላሉ አንድ በአንድ ልለያያቸው።

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። በአማርኛ ዲሜንሺያንም አልዛይመርንም «የመርሳት በሽታ» ስለምንላቸው አንድ ይመስላሉ። ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ማስታወስ፣ ማቀድ፣ መናገር፣ ማመዛዘን እየደከመ ሄዶ ሰውየው የለመደውን የዕለት ኑሮ ብቻውን መምራት ሲያቅተው የምንሰጠው ስም ነው። «ትኩሳት» እንደማለት ነው፤ ትኩሳትን ወባም ታይፎይድም ያመጣዋል። ዲሜንሺያን ከሚያመጡት ዋናው አልዛይመር ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የዲሜንሺያ ሕመም ከእሱ የሚመጣ መሆኑን ይገልጻል። የተቀረው በአንጎል የደም ሥሮች ጉዳት፣ ሌዊ ቦዲ በሚባለው በሽታ፣ የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል በሚያጠቃው ዓይነትና በሌሎችም ይመጣል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ሁለቱና ሦስቱ ተደራርበው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ አያትዎ «ጃጅታ ነበር» መባሉ ከየትኛው በሽታ እንደሆነ አይነግረንም። የደም ግፊት ያደከመው አንጎልም፣ አልዛይመርም፣ ሁለቱ አንድ ላይም ሊሆን ይችላል። እርስዎ የሰሙት የደም ምርመራ የሚያየው ደግሞ የአልዛይመርን ብቻ ነው።

ምን እንደሚያይ ላስረዳ። አሎይስ አልዛይመር የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. የሞተች አንዲት ሕመምተኛውን አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲያይ ሁለት ነገር አገኘ፤ በነርቭ ሴሎች መካከል የተከማቸ ዝቃጭ፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተቋጠረ ክር። ዝቃጩ ቤታ አሚሎይድ፣ ክሩ ታው የሚባል ፕሮቲን እንደሆነ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለረጅም ዘመን እነዚህን ሁለቱን በእርግጠኝነት ማየት የሚቻለው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ነበር። ሐኪም በሕይወት ላለ ሰው «አልዛይመር ይመስላል» ከማለት አያልፍም። ባዮማርከር፣ በአማርኛ ሥነ ሕይወታዊ ጠቋሚ የምንለው፣ ይህንን ነው የለወጠው፤ ሰውየው በሕይወት እያለ ፕሮቲኖቹ በአንጎሉ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ይጠቁማል። እዚህ ላይ «ጠቋሚ» እና «ምልክት» የሚሉትን እንድንለይ እፈልጋለሁ። ምልክት እናትዎ የሚያሳዩት፣ እህትዎ የምታየው ነገር ነው። ጠቋሚ በላብራቶሪ ወይም በምስል የሚለካ ነው። ሁለቱ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ፤ አሚሎይድ መከማቸት የሚጀምረው ምልክት ከመታየቱ 15 ወይም 20 ዓመት አስቀድሞ ነውና።

ጠቋሚውን ለማግኘት ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ከወገብ በመርፌ የሚቀዳው የኅብለ ሠረሰር ፈሳሽ ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ አሚሎይድ 42 የሚባለው ሲያንስ ነው የሚያሳስበን፤ አንጎል ውስጥ ተጣብቆ ስለቀረ ወደ ፈሳሹ የሚወጣው ይቀንሳል። ታው ግን ይጨምራል። ሁለተኛው ፔት ስካን ነው፤ አሚሎይድ ላይ የሚጣበቅ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ አንጎል ይነሳል። ውድ ነው፤ ንጥረ ነገሩም ቶሎ ስለሚያልቅ ከማምረቻው ርቆ መሥራት ያስቸግራል። ሦስተኛው ደም ነው። ደም የዘገየው የሚፈለገው ፕሮቲን በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ አሚሎይድ ደግሞ ከአንጎል ብቻ ሳይሆን ከሌላው የሰውነት ክፍልም ወደ ደም ስለሚገባ የአንጎሉን መልእክት ይሸፍነዋል። መፍትሔው የመጣው በታው በኩል ነው። በአልዛይመር በሽታ ታው ላይ ፎስፌት የሚባል ኬሚካል በብዛት ይለጠፋል። ፒ-ታው 217 ሲባል ፎስፌቱ በፕሮቲኑ ሰንሰለት 217ኛ ቦታ ላይ ተለጥፏል ማለት ነው። እስካሁን ከተጠኑት የደም ጠቋሚዎች በአልዛይመር ላይ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ይህንን ማሳነስ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2024 በስዊድን ከ1,200 በላይ የማስታወስ ችግር ያለባቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ጠቅላላ ሐኪሞች በለመዱት ምርመራ ብቻ አልዛይመርን በትክክል የለዩት በ61 በመቶ፣ የዘርፉ ስፔሻሊስቶች በ73 በመቶ ሲሆን፣ የደም ምርመራው ግን በ91 በመቶ ገደማ እንደለየ አሳይቷል። በሜይ 2025 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ የፒ-ታው 217ን እና የአሚሎይድ 42ን ጥምርታ በደም የሚለካ ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀደ። ለፈቃዱ በቀረበው የ499 ሰዎች መረጃ፣ ፖዘቲቭ ከወጣላቸው 91.7 በመቶው በፔት ወይም በወገብ ፈሳሽ ሲታይ አሚሎይድ ተገኝቶባቸዋል፤ ኔጋቲቭ ከወጣላቸው 97.3 በመቶው አልተገኘባቸውም። ከ20 በመቶ በታች ለሚሆኑት ግን ውጤቱ መካከል ላይ ወድቆ «አይታወቅም» ነው የተባለው።

አሁን የሰሙት ወሬ የሳተውን ይመልከቱ። ፈቃዱ የተሰጠው ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ምልክት ላለባቸው፣ በስፔሻሊስት ክትትል ውስጥ ላሉ ሰዎች ነው። «ምልክቱ ሳይመጣ» የሚለው ፈቃዱ ውስጥ የለም።

ይህ የቢሮክራሲ ጥንቃቄ እንዳይመስልዎ፤ ሒሳብ ነው። አንድ ምርመራ በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች 90ውን ይይዛል፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 90ውን በትክክል «የለም» ይላል እንበል። ምልክት ኖሯቸው በስፔሻሊስት ከታዩ 100 ሰዎች 60ዎቹ አልዛይመር ቢኖርባቸው፣ ፖዘቲቭ የሚወጣላቸው 58 ይሆናሉ፤ ከእነሱ 54ቱ እውነተኛ፣ 4ቱ ስህተት። ይህ የሚታመን ነው። ያንኑ ምርመራ፣ ያንኑ መሣሪያ፣ ከ100ው 10 ብቻ አሚሎይድ ላለባቸው ምልክት አልባ ጎልማሶች ብንሠራው ግን 18 ሰው ፖዘቲቭ ይወጣል፤ 9ኙ እውነተኛ፣ 9ኙ ስህተት። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይሻልም። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተመረመረው ሰው ነው። ለዚህ ነው «ምርመራው ስንት በመቶ ይሠራል?» ለሚል ሰው መልሴ ሁልጊዜ «ለማን?» የሚሆነው።

በዚያ ላይ እውነተኛ ፖዘቲቭ ራሱ «ዲሜንሺያ ይይዝሃል» ማለት አይደለም። ማስታወሳቸው ደህና በሆነ ሰዎች ላይ በተሠራ ሰፊ ትንታኔ፣ አሚሎይድ የተገኘባቸው በ50 ዓመት ዕድሜ 10 በመቶ ያህል፣ በ90 ዓመት ደግሞ 44 በመቶ ያህል ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ልባምና ንቁ እንደሆኑ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። በባለሙያዎች መካከልም ክርክር አለ፤ በአሜሪካ ያለው ወገን «ፕሮቲኑ ካለ በሽታው አለ» ሲል፣ ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድን የሚባለው ሌላው ወገን «ምልክት የሌለው ሰው ለአደጋ የተጋለጠ እንጂ ታማሚ አይደለም» ይላል። እኔ በሕክምና ክፍል ውስጥ የምከተለው ሁለተኛውን ነው። ከልጆቹ ጋር እየሣቀ ምሳ የሚበላን ሰው «አልዛይመር አለብህ» ብዬ ልሰናበተው አልችልም። ደግነቱ በጥያቄዎ ላይ ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ፤ ምልክት የሌለው ሰው ከጥናት ውጭ በዚህ ምርመራ መመርመር የለበትም።

ወደ እናትዎ ልመለስ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የእሳቸው ነገር ነውና። እህትዎ «እርጅና ነው» ትላለች። አልስማማም። መነጽር የት እንደተቀመጠ መርሳት፣ የሰው ስም ጫፉ መጥቶ መጥፋት፣ ቆይቶም ትዝ ማለት፣ ይህ በ71 ዓመት የተለመደ ነው። አንዱን ጥያቄ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስቴ መጠየቅ፣ ለዓመታት የያዙትን የማኅበር ተራ ጨርሶ መዘንጋት፣ ሲነገራቸውም «እንዴት ረሳሁ» ሳይሆን «ማን ነው የነገረኝ» ማለት ግን እርጅና ብቻ አይደለም። እህትዎ ልብ ብላ ታስተውል። ቡና ሲያፈሉ ቅደም ተከተሉ ይጠፋቸዋል? ጀበናውን ጥደው ቡናውን ሳይጨምሩ ይቀራሉ? ገበያ ሄደው መልስ መቁጠር ያስቸግራቸዋል? ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ተሳስቷቸው ያውቃል? የስኳር መድኃኒታቸውን በትክክል ይወስዳሉ ወይስ ሁለቴ ይውጣሉ? መቼ ጀመረ፣ በዝግታ ነው በድንገት፣ ይሻላቸዋል ይብሳቸዋል? ይህን ሁሉ በደብተር ጽፋ ለሐኪም ብትወስድ፣ ከማንኛውም የደም ብልቃጥ የበለጠ ነገር ይነግረዋል።

ከዚያ ሊታከሙ የሚችሉትን ምክንያቶች እንፈልጋለን። በእናትዎ ላይ የመጀመሪያ ተጠርጣሪዬ ቫይታሚን ቢ12 ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 እንዲያንስ ያደርጋል። ቫይታሚኑ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው፤ እናትዎ አጽዋማቱን የሚጠብቁ ከሆነ ደግሞ በዓመት ውስጥ ብዙ ወራት ከእነዚህ ርቀው ነው የሚኖሩት። ዕድሜ ሲገፋም ጨጓራ ቢ12ን የመልቀቅ አቅሙ ይቀንሳል። ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገጣጠሙ መለካት ግዴታ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት የእድር ገንዘብ ያዥ የነበሩ እናት ልጆቻቸው አመጡልኝ። ሒሳብ መያዝ አቅቷቸው መዝገቡን ለሌላ ሰው አስረክበዋል። ልጆቹ አልዛይመር ነው ብለው ቆርጠው ነበር። እኔ ግን ሲገቡ አረማመዳቸውን አየሁ፤ እግራቸው መሬቱን እንደማያምነው ሰው ያረፈ ነበር። ጣቶቻቸው ይደነዝዛሉ። ቢ12ቸው በጣም ወርዶ ተገኘ። መርፌው ተጀምሮ ከወራት በኋላ ሲመጡ እጃቸው ላይ የእድሩን ደረሰኝ ይዘው ነው። ሁሉም እንዲህ አይመለስም፤ ቢ12 ሳይታከም ከቆየ ጉዳቱ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው እስከ ክረምት አይጠብቁ ያልኩት።

ሌሎቹም እዚያው ይታያሉ። የታይሮይድ ሆርሞን፣ እንቅርት በሚበዛበት አገር ይህ አይዘለልም። የኩላሊትና የጉበት ሥራ፣ የደም ጨዎች፣ የደም ማነስ፣ የስኳሩ ሁኔታ። የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራ፤ ዕድሜያቸውን አይቶ ማፈር አያስፈልግም፤ ሁለቱም አንጎልን የሚነኩና የሚታከሙ ናቸው። ድባቴ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ በመርሳት ልብስ ነው የሚመጣው፤ በቅርብ ሐዘን ደርሶባቸው እንደሆነ ይጠየቅ። ጆሯቸው ይመርመር፤ ያልሰሙትን ነገር ረሱት እንላለን። የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ተሰብስቦ ለሐኪሙ ይታይ። በተለይ ለእንቅልፍ፣ ለአለርጂና ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ፣ የአረጋዊን አንጎል ያደነዝዛሉ። ከአሜሪካ የሚላክላቸው ያለ ማዘዣ የሚገዛ የእንቅልፍ ክኒን ካለ ዛሬውኑ ይቁም፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ያው አደንዛዥ የአለርጂ መድኃኒት ነው። በመጨረሻም የአንጎል ምስል፤ ኤምአርአይ ይመረጣል፣ ካልሆነ ሲቲ ስካን። ተንሸራተው ወድቀው የማያስታውሱት አደጋ በአንጎል ሽፋን ሥር ደም ሊያቋጥር ይችላል፤ የስኳርና የግፊት ጉዳት በትንንሽ የደም ሥሮች ላይም የሚታየው በዚሁ ነው። ምሕረት ለመጠየቅ ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ፤ የስኳሩን መድኃኒት ግን አያቋርጡ።

ቀጥሎ የማስታወስ ፈተናው ነው፤ እዚህ ላይ አሜሪካ የሚያስመረምሩ ልጆች ሁሉ እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ። አንዲት እናት እዚያ በአስተርጓሚ ተፈትነው የወጣላቸውን ወረቀት አይቻለሁ። «ዓመቱ ስንት ነው?» ሲባሉ 2017 ብለዋል፤ ስህተት ተብሎ ተሰርዟል። ፈተናው የተሰጠው በፈረንጆቹ 2025 የጸደይ ወራት ነው፤ በእሳቸው ዘመን አቆጣጠር መልሳቸው ፍጹም ትክክል ነበር። ወሩንና ቀኑንም እንደዚሁ ሰርዘውባቸዋል። ሰዓት እንዲሥሉ ሲታዘዙ አስተርጓሚው «11 ሰዓት ከ10» ብሎ ቃል በቃል ተረጎመ። እሳቸው ትንሿን ዘንግ 5 ላይ አደረጉ፤ በአማርኛ 11 ሰዓት ሲሆን ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚያዩት ያንን ነውና። ያም ተሰረዘ። በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነጥብ የተቀነሰው በበሽታ ሳይሆን በዘመን አቆጣጠር ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ላይ ደግሞ እስክሪብቶ ማስያዝ ብቻውን ፈተና ነው። ስለዚህ እናትዎ የትም ቢፈተኑ አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነ ስለ ቀን መቁጠሪያውና ስለ ሰዓቱ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። በአውሮፕላን በመጡ በሳምንቱም አያስፈትኑ፤ የእንቅልፍ መዛባትና አዲስ ቤት ጤነኛውንም ያደናግራል። ሁለት ሦስት ሳምንት ይረፉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሊታከም የሚችል ምክንያት ካልተገኘ፣ መርሳቱም ከቀጠለ፣ ያን ጊዜ የደም ጠቋሚው ተራው ይደርሳል። እዚያም ቢሆን ደሙ አይላክም። አሚሎይድ በተራ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል፣ ከብልቃጡ ፕላስቲክ ጋርም ይጣበቃል። ናሙናው በሰዓታት ውስጥ በማሽን ተሽከርክሮ፣ ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ተለይቶ፣ በረዶ ሆኖ መቀመጥ አለበት። በሻንጣ ወይም በመልእክት ድርጅት የመጣ ብልቃጥ የሚሰጠው ቁጥር ምን እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ የሰው ናሙና ከአገር ማውጣትም የራሱ ፈቃድ አለው። በክረምት አሜሪካ ከመጡ በአንጎል ሐኪም ወይም በማስታወስ ክሊኒክ በኩል እዚያው ይቀዳ። ለዚህ ምርመራ ብቻ ብለው ግን አያስመጧቸው።

ውጤቱ ሲመጣ እንዲህ ይነበባል። ኔጋቲቭ ከሆነ አልዛይመር የመሆኑ ዕድል በጣም ይቀንሳል፤ «ደህና ናቸው» ማለት ግን አይደለም። በስኳር የተጎዱ የደም ሥሮችን፣ ሌዊ ቦዲንና ሌሎቹን ይህ ምርመራ አያያቸውም፤ ፍለጋው ይቀጥላል። ፖዘቲቭ ከሆነ በአንጎላቸው ውስጥ የአልዛይመር ለውጥ አለ ማለት ነው፤ የመርሳታቸው ምክንያት ግን እሱ ብቻ ላይሆን ስለሚችል ከታሪካቸውና ከምስሉ ጋር ይገናዘባል። ኩላሊት ሲደክም ፒ-ታው 217 ያለ አልዛይመርም ከፍ ይላል። ስኳር ላለበት ሰው የኩላሊት ምርመራው ከጠቋሚው መቅደም አለበት የምለው ለዚህ ነው። መካከለኛ ከሆነ ወይ ፔት ወይ የወገብ ፈሳሽ ይጨመራል፣ ወይም ተጠብቆ ይደገማል። አንድ ሌላ ገደብ አለ፤ እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የተሠሩት ከአውሮፓ ዘር በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። ለእኛ ሰዎች ፋይዳ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ድንበሩ ላይ የወደቀን ቁጥር በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል ማለቴ ነው።

«ታውቆስ ምን ይደረጋል?» የሚለው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንደ ሌካኔማብና ዶናኔማብ ያሉ አሚሎይድን የሚያጸዱ መድኃኒቶች አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ወዲህ ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። የሚሰጡትም በሽታው ገና ሲጀምር፣ አሚሎይድ መኖሩ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ሌካኔማብ በ18 ወር ውስጥ የድክመቱን ፍጥነት በ27 በመቶ ቀንሷል፤ የሕመሙን ክብደት በሚለካ የ18 ነጥብ መለኪያ ሲሰላ ልዩነቱ 0.45 ነጥብ ነው። ዝግ ያደርጋል እንጂ አይመልስም። ከታካሚዎቹ 12.6 በመቶው ላይ የአንጎል እብጠት ታይቷል፣ መድማትም አለ፤ ኤፖ ኢ 4 የሚባለውን ዘረመል ከእናትም ከአባትም የወረሱ ሰዎች ላይ አደጋው ይበዛል። መድኃኒቱ ሲጀመር በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል፣ ተደጋጋሚ ኤምአርአይም ይጠይቃል። በጎብኚ ቪዛ የመጣ ሰው ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ የለውም፤ የመድኃኒቱ የዝርዝር ዋጋ ደግሞ ሲወጣ በዓመት 26,500 ዶላር ነበር። አዲስ አበባ የሚመለሱ የ71 ዓመት እናት ይህንን ሊከታተሉ አይችሉም፤ ቤት ሸጠው እንዳይሞክሩት እለምንዎታለሁ። እንደ ዶኔፔዚል ያለው የምልክት ማስታገሻ ክኒን ርካሽ ነው፤ ሐኪም በምርመራው አልዛይመር ነው ብሎ ካመነ ያለ ጠቋሚም ይጀመራል። ስለዚህ ለእናትዎ የጠቋሚው ጥቅም መድኃኒቱ ሳይሆን እርግጠኝነቱ ነው። ቤተሰቡ ማባበልና መወቃቀስ ትቶ እንክብካቤ ያቅዳል። እሳቸውም ስለ ቤታቸው፣ ስለ ባንካቸውና ስለ ኑዛዜያቸው አእምሯቸው ሳይደክም ራሳቸው ይወስናሉ፤ ለዚህ የሕግ ሰው ማማከርን አያዘግዩ።

እናም ይጠይቋቸው። እኛ ዘንድ ውጤት ለልጅ ተነግሮ ለሕመምተኛው የሚደበቀው ከፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን «ደምሽን ለስኳር ነው» ብሎ ለአልዛይመር መመርመር አይገባም። ማወቅ የማይፈልጉ ከሆነ መብታቸው ነው፤ ሕክምናቸው በዚህ አይቋረጥም።

ስለ እርስዎ። በቤተሰብ በቀጥታ የሚወረሰው አልዛይመር ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ እሱም ብዙ ጊዜ በ30ዎቹ፣ በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ፣ በየትውልዱ እየተደጋገመ ነው የሚመጣው። አያትዎና እናትዎ በስተርጅና መታመማቸው እዚያ ውስጥ አያስገባዎትም። በምራቅ የሚታዘዘው የኤፖ ኢ ምርመራም የአደጋ መጠንን እንጂ ዕጣን አይናገርም፤ የዚህ ዘረመል ጉልበት ከሕዝብ ሕዝብ እንደሚለያይና በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ላይ ደከም እንደሚል ጥናቶች ያሳያሉ። አሜሪካ ስለሚኖሩ ይህንንም ይወቁ፤ ጂና የተባለው የ2008ቱ ሕግ በዘረመል ውጤት ምክንያት ቀጣሪና የጤና ኢንሹራንስ እንዳያገልልዎ ይጠብቃል፤ የሕይወትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስን ግን አይጨምርም። ያለ ሐኪም በኢንተርኔት የሚታዘዙ የአልዛይመር ደም ምርመራዎችንም አይግዙ። በሌሊት ብቻዎን ስልክ ላይ የሚያነቡት ቁጥር፣ ከላይ እንዳሰላነው፣ ግማሹ ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ካነበቡት በኋላ ግን አይጠፋም።

በእርስዎ ዕድሜ ልፋትዎ ፍሬ የሚሰጠው ሌላ ቦታ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 በዘረዘራቸው 14 ሊለወጡ በሚችሉ አጋላጮች ላይ ቢሠራ፣ በዓለም ካለው ዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከእነሱ ውስጥ የመካከለኛ ዕድሜ የደም ግፊት፣ መጥፎ ኮሌስትሮል፣ ስኳር፣ ማጨስ፣ አልኮል፣ እንቅስቃሴ ማነስና ያልታከመ የመስማት ችግር አሉ። ከእናትዎ ስኳር ሊወርሱ ስለሚችሉ የመጀመሪያ ቀጠሮዎ ለስኳር፣ ለግፊትና ለኮሌስትሮል ይሁን። ገንዘብዎን በዚያ ላይ ያውሉ።

እንግዲህ ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት እህትዎ እናትዎን ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ትውሰድ፤ ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ኩላሊት፣ ኤች አይ ቪና ቂጥኝ ይታዩ፣ ጆሯቸውም ይመርመር። መድኃኒቶቹና ደብተሩ አብረው ይሂዱ። ቀጥሎ የአንጎል ሐኪምና ምስል። የጎደለ ከተገኘ ይታከምና ከሦስት እስከ ስድስት ወር ታይቶ ፈተናው ይደገም። ከዚያ በኋላም ከባሰ፣ እሳቸውም ከፈቀዱ፣ በክረምት አሜሪካ ሲመጡ በስፔሻሊስት በኩል የፒ-ታው 217 ምርመራ ይሠራላቸው። በድንገት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከተደናገሩ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ ጎን ድካም ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ይህን ቅደም ተከተል ትተው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ስኳራቸውም ከቤት ሳይወጡ ይለካ፤ ስኳር ሲወርድ ሰው መንገዱንም የልጁንም ስም ያጣል።